ተራራ መውጣት ለመጀመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ ላይ፣ በመልስ ጉዞ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሌሊት ደግሞ በቴሌግራም ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ሃይኪንግ እና ተራራ መውጣት አንድ አይደሉም እንዴ?

ይቀራረባሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ጠዋት ወጥቶ፣ መንገድ ተከትሎ ሄዶ፣ ማታ ቤት መግባት ሃይኪንግ ነው። ድንኳን ይዞ ለቀናት መጓዝ ትሬኪንግ ይባላል። ተራራ መውጣት ስንል ከፍታው፣ ብርዱና ገደሉ ይጨመራሉ። አንዳንዴም ገመድና በረዶ ይገባበታል።

የኛ አገር ትልልቅ ተራሮች አብዛኞቹ በእግር የሚወጡ ናቸው። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር አካባቢ ነው። (ትምህርት ቤት 4,620 ብለን ነበር የተማርነው፤ በኋላ የመጡ ልኬቶች ዝቅ አድርገውታል።) ባሌ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሁለቱም ገመድ አይጠይቁም። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ዕድል ነው። አውሮፓ ውስጥ እዚህ ከፍታ ላይ ለመቆም መጀመሪያ በበረዶ ላይ መራመድን መማር ግድ ነው። እኛ ግን ገመድ ሳንነካ ከፍታን መልመድ እንችላለን።

ምንም ልምድ የለኝም። ከየት ልጀምር?

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ከእንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ ተነስታችሁ በእግር እንጦጦ ማርያም ድረስ ውጡና ውረዱ። አናቱ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ለሁለት ወር በየሳምንቱ ብትደጋግሙት ሰውነታችሁ ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ። እዚያው መንገድ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ታገኛላችሁ። መንገድ ልቀቁላቸው። ደግሞም አረማመዳቸውን እዩ፦ አጭር እርምጃ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት፣ የማይቆራረጥ ትንፋሽ። ስለ ተራራ አረማመድ ብዙ የተማርኩት ከእነሱ ነው።

ቀጥሎ ሙሉ ቀን የሚወስዱ ተራሮች ይመጣሉ። የረር ወደ 3,100 ሜትር ነው። በመናገሻ ሱባ ደን በኩል የሚወጣው ወጨጫ 3,385 ሜትር ይደርሳል፤ የደኑ ጥላም ለብቻው ደስ ይላል። ወንጪ ላይ ሐይቁን ቁልቁል እያያችሁ በእሳተ ገሞራው ጠርዝ ትሄዳላችሁ፤ ከፍታው 3,386 ሜትር ነው። ዝቋላ 2,989 ሜትር ሲሆን አናቱ ላይ የአቦ ገዳምና ሐይቅ አለ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን እየዘመሩ ይወጡታል፤ ከእነሱ ጋር የወጣ ሰው ድካሙን ይረሳል። ወደ የትኛውም ከመሄዳችሁ በፊት ግን በዚያ ሳምንት የአካባቢው ጸጥታ እንዴት እንደሆነ እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ። ያለፈው ዓመት መረጃ ለዘንድሮ አይሠራም።

ጂም እሠራለሁ፣ እሮጣለሁም። አይበቃም?

ልብና ሳንባን ያዘጋጃል፤ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ጂም ውስጥ ጭነት ተሸክሞ ለአምስት ሰዓት ቁልቁል የሚወርድ የለም። ሰው የሚጎዳው ደግሞ ሲወርድ ነው። ጉልበት የሚያስለቅሰው፣ የእግር ጥፍር የሚያጠቁረው ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ልምምዱን ተራራው ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ ከዚያ አምስት ኪሎ፣ ከዚያ ስምንትና አሥር ኪሎ ተሸክማችሁ ውጡ። ውሃ በጀሪካን ሞልቶ መሸከም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጉልበታችሁ ካስቸገራችሁ አናቱ ላይ ደፍታችሁ ቀለል ብላችሁ ትወርዳላችሁ።

ልኩን ማወቅ ለሚፈልግ፦ ቅዳሜ ለስድስት ሰባት ሰዓት ያህል ሄዳችሁ እሁድ ጠዋት ተነስታችሁ ሌላ አራት ሰዓት መሄድ ከቻላችሁ፣ ለሲሜን እግራችሁ ዝግጁ ነው። ፍጥነት አያሳስባችሁ። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

ምን ዕቃ ልግዛ? ሁሉም ውድ ነው

መጀመሪያ ጫማ። እሱ ላይ አትቆጥቡ። ሶሉ የሚይዝ፣ ከፊት ጣት የሚያንቀሳቅስ ቦታ ያለው ይሁን። ደግሞ ከትልቁ ጉዞ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ልበሱት። እኔ የመጀመሪያውን ሲሜን በአዲስ ጫማ ሄጄ ሁለት ጥፍር ጥዬ ነው የተመለስኩት። ቀጥሎ ዝናብና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ከዚያ የግንባር ባትሪ፤ የስልክ መብራት እጅ ስለሚይዝ አይሆንም።

የቀረውን መርካቶ ሰልባጅ ተራ ፈልጉ። የሱፍ ሹራብ፣ ፍሊስ፣ ሲደርቅ ፈጣን የሆነ ሱሪ በጥቂት ዋጋ ይገኛል። ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ቤት ይቅሩ፤ በላብ ከራሱ በኋላ ከፍታ ላይ ገላ ላይ በረዶ ይሆናሉ። ጋቢ ማታ ድንኳን ውስጥ ወደር የለውም፤ ለመንገድ ግን ከባድ ነው፣ ከራሰም አይደርቅም። ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ሲሜንና ባሌ ያለው የሳነቴ አምባ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ስሊፒንግ ባጉ ለስንት ዲግሪ እንደተሠራ ሳታዩ አትውሰዱ።

ተራራ ላይ ምን ይበላል? በጾም ወቅትስ?

ስንቅ ላይ ማንም አያስተምረንም። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። ጭኮ ቅቤ ስላለው ለብርድ ምርጥ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር ኪስ ውስጥ ይኑር። በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብሉ፤ ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ሳይርባችሁ መብላት መልመድ አለባችሁ። የምንጭ ውሃ ንጹህ ቢመስልም አፍሉት ወይም በውሃ አጋር አክሙት።

የጾም ምግብ ብቻ እየበሉ መውጣት ምንም ችግር የለውም፤ በሶና ሽሮ ይዘው የሚወጡ ብዙ አውቃለሁ። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ምሽት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ ከፍታ ላይ መጓዝ ነው። እሱን አልመክርም። ወይ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ አዙሩ፣ ወይ አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ሙስሊም የሆናችሁም በረመዳን ለመንገደኛ ያለውን ፈቃድ ታውቁታላችሁ።

አብሮኝ የሚሄድ ሰው የት አገኛለሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የሚወጡ የሃይኪንግ ቡድኖች በቴሌግራምና በኢንስታግራም ይጠራሉ። ሚኒባስ፣ ምሳና አስጎብኚ አንድ ላይ ተደርጎ ነው የሚከፈለው። ለመጀመር ጥሩ ናቸው። ግን ምን ፍለጋ እንደምትሄዱ እወቁ። ሠላሳ አርባ ሰው የሚወጣበት ጉዞ፣ ሙዚቃና ፎቶ የሚበዛበት፣ ሰው ለመተዋወቅ ነው የሚጠቅማችሁ። የተራራ ጓደኛ ከዚያ ውስጥ ተለቅሞ ነው የሚገኘው።

እኔ ስለቅም የማየው ፎቶ አነሳሱን ወይም ፍጥነቱን አይደለም። ከኋላ ለቀረ ሰው የሚቆመው ማን ነው? ውሃውን የሚያካፍለው ማን ነው? ደመና ሲመጣ ቀድሞ ቀና ብሎ ያየው ማን ነው? ደክሞኛል ለማለት የማያፍረው ማን ነው? እነዚህን ሁለት ሦስት ሰዎች ካገኛችሁ ስልካቸውን ተቀበሉና በቀጣዩ ሳምንት በራሳችሁ የረርን ውጡ። አራት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ ለእርዳታ ይወርዳሉ።

ለብቻዬ ብሄድስ?

እንጦጦ ፓርክ ውስጥ በቀን፣ እሺ። ከዚያ ውጭ ለጀማሪ አልመክርም። ቁርጭምጭሚት መወለም ከጓደኛ ጋር ሲሆን የሚያበሳጭ ነገር ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ለብቻ ሲሆን ግን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የግድ ከሄዳችሁ የት እንደምትሄዱ፣ በየት እንደምትመለሱና ስንት ሰዓት ላይ ካልደወላችሁ መፈለግ እንዳለበት ለአንድ ሰው ጽፋችሁ ተዉ።

ሴት ነኝ። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ማደር ያሳስበኛል

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የቀን ጉዞ ብቻ አብረሽ ሂጂ። ሁለት ሦስቴ ካየሻቸው በኋላ ስለ ማደር አስቢ። የአዳር ጉዞ ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት ሌላ ስንት ሴት እንዳለች፣ ድንኳን እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ማን እንደሚመራ በግልጽ ጠይቂ። አዘጋጁ በጥያቄው ከተቆጣ ወይም ካድበሰበሰ መልሱን አግኝተሻል። የምታውቂያትን አንዲት ሴት ይዘሽ መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ እሷም እንዳንቺው ጀማሪ ብትሆን ችግር የለውም።

የወር አበባን በተመለከተ፦ ከመውጣት አይከለክልም። ያገለገለውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለሽ ይዘሽ ውረጂ። ከፍታና ብርድ ቀኑን ሊያዛባው ስለሚችል ባትጠብቂውም ያዢ።

ስልጠና የት ይሰጣል? ሰርተፍኬትስ ያስፈልጋል?

በእግር ለሚወጡ ተራሮች ሰርተፍኬት የሚጠይቃችሁ የለም። ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ መንገድ ማንበብ፣ ከፍታን መረዳት። የመጀመሪያ እርዳታን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ያስተምራል። ተራራ ባትወጡ እንኳ ተማሩት። መንገድ ለማንበብ ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራ ካርታ ስልካችሁ ላይ ጫኑና እንጦጦ ላይ ተለማመዱ፤ ስልኩን ኪስ ከታችሁ የት እንዳላችሁ ገምቱ፣ ከዚያ አውጥታችሁ አረጋግጡ። በአሥረኛው ሙከራ ራሳችሁ ትገረማላችሁ።

የገመድ ሥራ መማር ለሚፈልግ በቅርብ የሚገኘው ኬንያ ነው። ናይሮቢ ውስጥ የኬንያ የተራራ ክበብ (Mountain Club of Kenya) አለ፤ የተመሠረተው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። አባላቱ ከናይሮቢ ብዙም በማይርቀው ሉኬንያ ድንጋይ ላይ ይለማመዳሉ። ናይቫሻ አጠገብ ሄልስ ጌት ፓርክ ውስጥም ጀማሪ የሚሞክረው የድንጋይ ማማ አለ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ለአንድ ሳምንት ብትሄዱ በዩቲዩብ ዓመት ሙሉ ከምታዩት በላይ ታገኛላችሁ። ቋጠሮን ከቪዲዮ መልመድ ይቻላል፤ ሕይወታችሁን የምታንጠለጥሉበት ግን አጠገባችሁ ቆሞ የሚያርም ሰው ካየላችሁ በኋላ ይሁን።

መካሪ እንዴት አገኛለሁ?

ብዙ ሰው መካሪ ሲል ኪሊማንጃሮ የወጣ፣ ጥሩ ጃኬት የለበሰ ሰው ይታየዋል። እኔ የተማርኩት ከአንድ የሲሜን ስካውት (ተጓዥን አጅቦ ከሚሄድ የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) ነው። የፕላስቲክ ጫማ፣ ጠመንጃና ጋቢ፤ ሌላ ምንም የለውም። ሦስት ቀን ከኋላው ሄድኩ። መቼ እንደሚቆም፣ ዳገት ላይ እግሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ ደመናው ከየት ሲመጣ ፍጥነት እንደሚጨምር አየሁ። በሁለተኛው ቀን መጠየቅ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ሳልጠይቅ ያስረዳኝ ነበር።

ስለዚህ መካሪ የሚገኘው በመጠየቅ ብቻ ሳይሆን በማገዝም ነው። ሰፈር ሲደረስ ድንኳን አብራችሁ ትከሉ። ውሃ ቅዱ። በቅሎ ነጂውን በጭነቱ እርዱት፤ ሻይ አፍሉና አብራችሁ ጠጡ። አስጎብኚውን የሥራ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ በጥያቄ ስታደክሙት ከቆያችሁ ጉርሻውን በደንብ አስቡበት። ከተማ ስትመለሱ ደውሉለት፤ በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰህ በሉት። በቀጣዩ ዓመት ስትሄዱ የሚጠብቃችሁ የምታውቁት ሰው ይሆናል። ለዚያ ሰው የምትከፍሉት ክፍያ ያላችሁን ገንዘብ ከምታወጡበት ነገር ሁሉ የተሻለው ነው።

የገመድ ጥበብ የኛም ነው። ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው ከጥንት ጀምሮ በጠፍር ገመድ ነው፤ ወደ 15 ሜትር ቀጥ ያለ ገደል። ገርዓልታ ውስጥ አቡነ የማታ ጉሕ ጋር ለመድረስ ጫማ አውልቆ አለቱን በእጅና በእግር ይዞ መውጣት ነው። እዚያ ያሉ የአካባቢው ሰዎች እግራችሁን ይዘው የት እንደምታሳርፉ ያሳዩአችኋል። የትም ከፍላችሁ የማታገኙት አስተማሪ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሜን መሄድ እፈልጋለሁ። ስንት ቀን ይፈጃል?

መጀመሪያ ጸጥታው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን ከወር ወር ይለዋውጠዋል። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም የምታውቁት አስጎብኚ ኑ ካላላችሁ አትሂዱ። ተራራው የትም አይሄድም።

መንገዱ ሲከፈት ሦስት ሌሊት ለመጀመሪያ ይበቃል። የምታድሩባቸው የድንኳን ሰፈሮች ሳንቃ በር (3,250 ሜትር)፣ ግጭ (3,600) እና ጨነቅ (3,620) ናቸው። በመካከል እሜት ጎጎ የተባለው ጫፍ ላይ ትቆማላችሁ፤ 3,926 ሜትር። ከሥራችሁ ያለውን ገደል ለመግለጽ ቃል አላገኘሁም። ጭላዳዎቹ አጠገባችሁ ሣር ይነጫሉ፤ ጨነቅ አካባቢ ዋልያ የማየት ዕድላችሁም ሰፊ ነው። ስካውት መያዝ የፓርኩ ሕግ ነው። በቅሎ ያዙ፤ ለመጀመሪያ ጉዞ ጭነት ተሸክሞ መሄድ ጀግንነት አይደለም። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው፤ መስከረምና ጥቅምት አረንጓዴ፣ ታኅሣሥና ጥር ደረቅና ብርድ።

ራስ ዳሸንን ለመጨመር ከጨነቅ ሌላ ሦስት ቀን አስቡ። በካርታ ቅርብ ይመስላል። ግን በቧሂት በር ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥታችሁ፣ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዳችሁ፣ እንደገና ነው የምትወጡት። ስትመለሱም ያንኑ። ሰው የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ባሌስ? ለጀማሪ ይቀላል ይባላል

አዎ፣ ቅርጹ ለስለስ ያለ ነው። ዲንሾ ላይ ፈቃድ፣ አስጎብኚና ፈረስ ይዛችሁ በወብ ሸለቆ አድርጋችሁ ወደ ሳነቴ ትወጣላችሁ። ቀይ ቀበሮን በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ በዓለም የለም። ቱሉ ዲምቱ አናት ድረስ የመኪና መንገድ አለ፤ ይህ ለአንዳንዱ ቅር ያሰኛል። እኔ ግን እንደ ጥቅም አየዋለሁ፤ ሕመም ቢመጣ መኪና ቅርብ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፦ ጠዋት ከጎባ በመኪና ተነስታችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ 4,000 ሜትር ላይ ስትደርሱ ሰውነት አይለምድም። ራስ ምታት ይዟችሁ ከሆነ ወደ ላይ አትቀጥሉ፣ ወደ ጎባ ውረዱ።

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ከፍታ አይነካኝም አይደል?

ይነካችኋል። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈበት ጉዞ የለም። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር አካባቢ ላይ መሆኗ ከዱባይ ወይም ከአዳማ ከመጣ ሰው የተሻለ መነሻ ይሰጣችኋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ግን ሁላችንም እንደ አዲስ እንጀምራለን። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም ባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙ እንደማይለይ አሳይቷል። የሚያስደንቅ ነው። ግን እነሱ እዚያ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ቦሌ ቢሮ ውስጥ የሚውል ሰው ያንን አይዋሰውም።

የሚታወቀው ሕግ ይህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታችሁን በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። በየሦስት አራት ቀኑ እዚያው ከፍታ ላይ ሁለተኛ ሌሊት እደሩ። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይጠቅማል። አረቄና የእንቅልፍ ክኒን አይወሰድም። አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ይረዳል፤ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ላለበት ሰው ግን ሊከብድ ስለሚችል ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩት።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለ ባሉበት ማረፍ ነው። ካልተሻለ መውረድ። ሰውየው ቁጭ ብሎ እያለም ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለና ደረቱ ውስጥ የውሃ ድምፅ ከተሰማ ሳንባው ውሃ እየያዘ ነው። ከቀባጠረ፣ ከተደናገረ፣ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ቀጥ ብሎ መሄድ ካቃተው አንጎሉ እያበጠ ነው። እነዚህ ሁለቱ ይገድላሉ። ሌሊትም ቢሆን፣ ቢዘንብም፣ እሱ ደህና ነኝ ቢልም ወዲያው ይወርዳል። አንድ ሺህ ሜትር መውረድ ብዙ ጊዜ ሕይወት ያተርፋል። ለብቻው አይላክ።

እኔ እንመለስ ስል ቡድኑ እንቀጥል ካለስ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። እኔ ላይ ደርሷል። ቧሂት ላይ አንዱ ጓደኛችን ሁለቴ አስታውኮ ነበር። ሌሎቹ ብዙ ወጪ አውጥተናል፣ ትንሽ ነው የቀረው አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ሌላ አርባ ደቂቃ ቀጠልን። ልጁ መራመድ ሲያቅተው ስካውቱ ነው ቆሞ እንመለስ ያለው። በበቅሎ አወረድነው፤ ደህና ሆነ። ዝምታዬን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ሲሜን ውስጥ ሄሊኮፕተር እጠራለሁ ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ ያለው በቅሎና የሰው ጀርባ ነው።

ከዚያ ወዲህ ውሳኔውን ከተማ ላይ እንጨርሳለን። ከመነሳታችን በፊት ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ሦስት ነገር እንስማማለን። ስንት ሰዓት ላይ ጫፍ ባንደርስም እንመለሳለን። የትኛው ምልክት ሲታይ ክርክር የለም። ከመካከላችን አንዱ እንመለስ ካለ ሁላችንም እንመለሳለን፤ ምክንያት አይጠየቅም፣ በኋላም አይወቀስም። በዚህ የማይስማማ ሰው ካለ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ቡና እጠጣለሁ ከእሱ ጋር። ተራራ ግን አልወጣም።

ለኪሊማንጃሮ ዝግጁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ ተራራ ወጥታችሁ፣ ከ3,500 በላይ ሁለት ሌሊት አድራችሁ፣ ሰውነታችሁ እንዴት እንደሚሆን ካወቃችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ የምትስቡት ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው ግማሽ ያህል ነው። ገመድ አይፈልግም። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መያዝ ግን ግዴታ ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ የአምስት ቀኑን ጉዞ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። አትምረጡት። በማቻሜ መንገድ ሰባት ቀን ወይም በለሞሾ መንገድ ስምንት ቀን ያለው ልዩነት ሰውነት የሚለምድበት ጊዜ ነው። በጣም የረከሰ ዋጋ ሲነገራችሁ ልዩነቱ ከማን ኪስ እንደወጣ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከተሸካሚዎቹ ነው። አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ሕጉ ይላል፤ በር ላይ ሲመዘን ቁሙና እዩ። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም አትርሱ፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ይጠየቃል።

ከዚያ በፊት መካከለኛ ደረጃ ለሚፈልግ የኬንያ ተራራ አለ። ሌናና የሚባለው ጫፍ 4,985 ሜትር ነው፤ በእግር ይወጣል። ዋናው ጫፍ ባቲያን፣ 5,199 ሜትር፣ እውነተኛ የድንጋይ መውጣት ነው፤ ገመድና ዓመታት ይፈልጋል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። እንዴት ልጀምር?

እናንተ ስልጠና ላይ ከኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ፤ ተጠቀሙበት። ሲያትል ያለው ማውንቴኒርስ የተባለው ማኅበር ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በረዶና ገመድ ከዜሮ የሚያስተምር ኮርስ ይሰጣል፣ አስተማሪዎቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዴንቨር ከሆናችሁ በ1912 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኮሎራዶ ተራራ ክበብ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሸናንዶዋ ውስጥ ኦልድ ራግን ጀምሩ፤ ከእንጦጦ ያንሳል፣ ድንጋዩ ግን እጅ ያስጠቅማል። ጀርመን ያላችሁ በ1869 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጀርመን አልፓይን (የተራራ) ማኅበር በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ፍራንክፈርትም ሙኒክም።

ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ዋናው ጠላታችሁ ሙቀት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ውጡ፤ ኦማን ያለው ጀበል ሻምስ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዝቀዝ ይላል። ብዙዎቻችሁ ክበቡ ውስጥ ብቸኛው ሐበሻ መሆን ይከብዳል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ተመዝገቡ። በኋላ ለእረፍት ስትመጡ የተማራችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ እዚህ ቋጠሮ የሚያሳየን ሰው እንፈልጋለን።

ገመድ የምይዝለትን፣ እሱም የሚይዝልኝን ሰው እንዴት ልመን?

ለማመን አትቸኩሉ። ጓደኝነት ሌላ፣ የገመድ ጓደኝነት ሌላ ነው። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ፣ ገመዱ ከላይ ታስሮ፣ የሚያውቅ ሰው ቆሞ እያየ ብዙ ጊዜ ተለማመዱ። ስልክ ሲጠራ እጁን ከገመዱ የሚያነሳ ሰው ካያችሁ አንድ ጊዜ ንገሩት። ሁለተኛ ካደረገው ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጥሩ የገመድ ጓደኛ ሃያ ዓመት ቢወጣም በየጊዜው ያረጋግጣል። ቀበቶህ ተቆልፏል? ቋጠሮው ስምንት ቁጥሩን ይዟል? ጫፉ በቂ ተርፏል? የካራቢነሩ (ገመዱን ከቀበቶው የሚያገናኘው የብረት መቆለፊያ) በር ተሽከርክሮ ተዘግቷል? ገመዱ ማብቂያው ላይ ተቋጥሯል? እናንተም የእሱን በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ። የምታረጋግጡለት ሰው ሲቆጣ ካያችሁ፣ ወይም እኔ እኮ አውቀዋለሁ ካላችሁ፣ በዚያ ቀን መሬት ላይ ቆዩ።